ስሜንም ንገረው

መጀመሪያ የተመታችው በቅሎዋ ነበረች። ወልደ ገብርኤል የጆሮ ማዳመጫውን ደፍቶ ስለነበር ተኩሱን አልሰማም። ያየው በቅሎዋ የፊት ጉልበቶቿን አጥፋ ስትደፋና አያ ውዱ አፋቸውን ከፍተው ሲጮኹ ነው። በጆሮው ውስጥ ግን አንድ ቀጭን ፉጨት አጠር ረዘም እያለ ከናይሮቢ "እንደምን አደርክ" ይለው ነበር።

ወልደ ገብርኤል ጎንደር ከተማ የቴሌግራፍ ሠራተኛ ነው። አባቱ መሪጌታ ተክለ ጊዮርጊስ በሕይወት ሳሉ አዘዞ ላይ ዜማ ያስተምሩ ነበርና ልጃቸው ወንበራቸውን እንዲወርስ ነበር ምኞታቸው። ልጁን ግን ሽቦና ሬዲዮ ማረከው። የተማረው ዜማ ግን ከንቱ አልቀረም፤ ሌላው ሰው ነጥብና ጭረት እያለ የሚቆጥረውን የሞርስ ድምፅ እሱ እንደ ዜማ ይሰማዋል፤ የሚመታውን ሰው ማንነት እንኳ ከእጁ አጣጣል ይለያል። ለደመወዝ ሳይሆን ለፍቅሩ ሲሉ ብቻ በሬዲዮ ከማያውቁት አገር ሰው ጋር የሚነጋገሩ ሰዎች በየአገሩ አሉ፤ እሱም ፈቃድ አውጥቶ ከነሱ አንዱ ሆነ። ከናይሮቢው የጥርስ ሐኪም ከዶክተር ዴሳይ ጋር እንዲያ ነው የተወዳጀው።

በስልሳ አምስት ዓመተ ምሕረት ጥቅምት ላይ እነዚሁ ሰዎች ኦስካር የምትባል ትንሽ ሳተላይት ሰማይ ላይ ሰደዱ። ከምድር የላኩላትን ድምፅ ተቀብላ ወዲያው መልሳ ትረጨዋለች፤ እሷን የሚያይ ሁሉ ይሰማዋል። ግን ቶሎ አላፊ ናት፤ ከአንዱ አድማስ ወጥታ በሌላው እስክትጠልቅ እህል ውሃ የሚቀመስበት ጊዜ እንኳ አትሰጥም። ባትሪዋም እንዳይደክም ሐሙስ፣ ቅዳሜና ሰኞ ብቻ ነው የምትከፈተው። ጎንደር ደግሞ ዙሪያዋን ተራራ ስለሆነ፣ ኦስካር ዝቅ ብላ ግሪክና ጣሊያን ያሉትን በምታገናኝበት ሰዓት ተራራው ይጋርዳታል። ስለዚህ ወልደ ገብርኤል የዓመት ፈቃዱን ወሰደና፣ ጥምቀት እንዳለፈ ሬዲዮውን፣ የማኪና ባትሪና የዓሣ አጥንት የመሰለውን አንቴናውን በጎረቤቱ በአያ ውዱ በቅሎ ጭኖ፣ የትክል ድንጋይን ከተማ አልፎ ቆላው ቁልቁል ከሚታይበት ገደል አፋፍ ወጣ። አያ ውዱ የጣሊያን ጊዜ አርበኛ ናቸው። "ካንተ ጋር ካልሄድኩ ጅብ ይበላሃል" ብለው ምንሽራቸውን አንግተው ነበር የተከተሉት።

አሁን ከሞተችው በቅሎ ጀርባ ተኝተው ይተኩሳሉ።

"ተኛ! አንተ ልጅ፣ ተኛ እንጂ!"

ወልደ ገብርኤል ማዳመጫውን ጥሎ በደረቱ ተዘረጋ። ጥይት አንቴናውን መታና ሽቦው ጮኸ። ከቁጥቋጦው አንድ ጎልማሳ እየሮጠ ሲወጣ አያ ውዱ ትንፋሻቸውን ያዙና ጉሮሮውን አሉት። ሰውየው በሁለት እጁ አንገቱን ይዞ፣ ደሙ በጣቶቹ መካከል እየፈላ፣ ጥቂት እርምጃ ተራምዶ ወደቀ። ወዲያው ከጎን የመጣ ጥይት የአያ ውዱን ሆድ ቀደደው።

አራት ሰዎች ከበቧቸው። አለቃቸው ረጅም፣ ጎፈሬው አቧራ የለበሰ ሰው ነው። መጀመሪያ ወደ ወደቀው ጎልማሳ ሄዶ ጎንበስ አለ፤ "ዳኛው! ዳኛው!" ብሎ ነቀነቀው። ዳኛው አልመለሰም። አለቃው ቀና ሲል ፊቱ የሌላ ሰው መስሎ ነበር።

አያ ውዱ ሆዳቸውን በሁለት እጃቸው ደግፈው፣ "ልጁን ተዉት፤ የካህን ልጅ ነው። የገደልኩት እኔ ነኝ" አሉ።

"አንተንማ አገኘሁህ" አለ አለቃው፤ አፈሙዙን ግንባራቸው ላይ አድርጎ ተኮሰ።

ወልደ ገብርኤል የሰማው ጩኸት የራሱ መሆኑን ያወቀው አፉን በሰደፍ ሲመቱት ነው። ሁለት ጥርሶቹ ምላሱ ላይ ቀሩ። እጁን የፊጥኝ አስረው፣ የዳኛውን ሬሳ በቃሬዛ፣ ሬዲዮውን፣ ባትሪውንና አንቴናውን በትከሻ ተሸክመው፣ ከገደሉ ሥር ወዳለው ዋሻ ይዘውት ወረዱ። አያ ውዱን ለአሞራ ተዉአቸው።

አለቃው አላምረው ወልደኢየሱስ ይባላል። ዋሻው ደጅ ላይ እህቱ ታየች ሬሳውን ተቀብላ ፊቷን ነጨች፣ ደረቷን ደቃች። የሞተው የሁለቱም ታናሽ ነው። ለቅሶው ጋብ ሲል አላምረው እስረኛውን ጠፍጣፋ ድንጋይ አጠገብ አንበረከከው።

"በል ተናገር። ማንን ነው ስትጠራ የነበረው?"

"ጦር አልጠራሁም። ናይሮቢ ያለ ወዳጄን ነው ሰላም የምለው። ሰማይ ላይ ሰው የሠራት ትንሽ ኮከብ አለች፤ ድምፄን እሷ ታደርስልኛለች።"

"ከትናንት ጀምሮ አይተንሃል። ብረቱን ወደ ሰማይ ትቀስራለህ፣ የማይታይ ነገር ትከተላለህ። አውሮፕላን ነው የምትመራው!"

"በአባቴ መቃብር እምላለሁ፤ አውሮፕላንም ጦርም ጠርቼ አላውቅም። በመድኃኔዓለም!"

"በየትኛው እጅህ ነው የምትመታው?"

ወልደ ገብርኤል ሳይናገር ዓይኑ ወደ ቀኝ እጁ ሄደ። አላምረው አየው። ሁለት ሰዎቹ እጁን ፈተው ድንጋዩ ላይ ዘረጉት፤ አላምረው የጠመንጃውን ሰደፍ አንስቶ ወረደበት። አንዴ ብቻ አልነበረም። አጥንቱ እንደ ጭራሮ ሲንኮሻኮሽ ወልደ ገብርኤል ሰማ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን አላወቀም።

ሲነቃ እጁ ውሃ ውስጥ ተነክሮ ነበር። ታየች የነጠላዋን ጫፍ ቀዳ ጣቶቹን አንድ በአንድ ከቀጭን እንጨት ጋር ታስራለች። ዓይኗ በለቅሶ አብጧል። አበቡ የምትባል ትንሽ ሴት ልጇ ከኋላዋ ቆማ ታያለች።

"ምነው ታክሚኛለሽ? ወንድምሽ በኛ ሰው እጅ ሞቶ" አላት።

"አንተ አልገደልከው።" ቋጠሮውን በጥርሷ አጠበቀች። "ታች ቆላ ሳለን አውሮፕላን አናታችን ላይ ሲዞር ዋለ። ምንድን ነው ስንል ሳምንት ሳይሞላ ጦር መጣ። ባሌን ደጁ ላይ ገደሉት፤ ቤቱንም ጎተራውንም አነደዱት። አላምረው ሸጋ ገበሬ ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ ሰማይ ማየት አይወድም።"

"እኔ ግን እውነቴን ነው።"

"እውነትህን ከሆነ አሳየው። ቃል አይሰማም፤ ዓይኑ ካየ ያምናል።"

ነገሩን ለወንድሟ የነገረችውም እሷ ነች። ዓርብ ማታ አላምረው መጥቶ ፊቱ ተቀመጠ። "ነገ ትጠራዋለህ። ሰውየው ካልመለሰ ገደሉ እዚሁ ነው፤ እወረውርሃለሁ" አለው።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ከዋሻው በላይ ካለው ሜዳ ወጡ። ወልደ ገብርኤል በግራ እጁ የተጣመመውን አንቴና አቃና፣ ለመስሚያ የሚሆነውን ሽቦ ሁለት ዛፍ ላይ አስወጠረ፣ ባትሪውን አገጣጠመ። ሁሉም እንዲሰሙ ማዳመጫውን ነቅሎ ድምፁን በሬዲዮው ሳጥን ለቀቀ። አንቴናውን የሚይዝለት ሰው ያስፈልገው ነበር፤ አላምረው ሌላ ሰው አላመነምና ጠመንጃውን አንግቶ ራሱ ያዘው።

"ወዴት?"

"ወደ ሰሜን፣ ዝቅ ያድርጉት። ስነግርዎ ቀስ እያሉ ወደ ላይ፣ ከዚያ ወደ ደቡብ ይከተሏት።"

ለጥቂት ጊዜ የሳጥኑ ሹክሹክታ ብቻ ነበር። ከዚያ ከሹክሹክታው ሥር አንድ ፉጨት ብቅ አለ፤ ሌላ ተጨመረ። ሰዎቹ ወደ ኋላ አፈገፈጉ፤ አንዱ አማተበ። ወልደ ገብርኤል በግራ እጁ የሞርስ መምቻውን ያዘ። እንደ ሕፃን ልጅ ጽሑፍ እየተንገዳገደ የዴሳይን የጥሪ ስም ደጋገመ።

መለሰ። ዴሳይ መለሰ! "ሐሙስ ድንገት ጠፋህብኝ። ይህ ግን ያንተ እጅ አይደለም። ማን ነህ?"

ወልደ ገብርኤል ከዚህ በፊት እርዳታ ስለመጥራት አስቦ አያውቅም ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ያሰበው ሰላም ብሎ፣ ሰላም ተብሎ ነፍሱን ስለማዳን ብቻ ነው። አሁን ግን የአያ ውዱ ግንባር ታየው። እዚህ ካሉት ሰዎች አንድም የሚመታውን የሚያውቅ የለም። እጁ ከልቡ ቀድሞ ሄደ፦ "እኔው ነኝ። ሽፍቶች ይዘውኛል። ጓደኛዬን ገደሉ። ቀኝ እጄን ሰበሩ። ከትክል ድንጋይ በስተሰሜን፣ ገደሉ ሥር ዋሻ ውስጥ ነን። ለጎንደር ንገርልኝ።"

"ምን አልከው?" አለ አላምረው፣ አንቴናውን እንደ ታቦት አክብሮ እንደያዘ።

"ደህና ነኝ አልኩት።"

"እሱስ?"

"ምነው እጅህ ተለወጠ አለኝ።"

አላምረው ሳቀ። ወንድሙ ከሞተ ጀምሮ የሳቀው ያን ጊዜ ነው። "ናይሮቢ ተቀምጦ እጅህ መታመሙን አወቀ? ይሄስ ሸጋ ሰው ነው! እንግዲያው ስሜንም ንገረው። አላምረው ወልደኢየሱስ፣ የአርማጭሆ ሰው በለው።"

ወልደ ገብርኤል አንገቱን ደፍቶ መታ፦ "አለቃቸው አላምረው ወልደኢየሱስ።"

ዴሳይ በትክክል መስማቱን ለማረጋገጥ ስሙን ፊደል በፊደል መልሶ ላከ። ፉጨቱ እየራቀ፣ ድምፁም ከቅድሙ ወፍሮ ወደ ታች እየወረደ ነበር።

"ይሄ ሁሉ የኔ ስም ነው?"

"ነው።"

"ከሰማይ የሚመጣው?"

"አዎ፣ አያ አላምረው።"

አላምረው ኦስካር ጠልቃ ሳጥኑ ወደ ሹክሹክታው እስኪመለስ አንቴናውን አላወረደም። ሲያወርድ ሰዎቹን፣ "ሰማችሁ? ስሜን ባሕር ማዶ አውቀውታል" አላቸው፤ ወደ ወልደ ገብርኤልም ዞሮ ትከሻውን ያዘው። "አልዋሸህም። ሽማግሌው ወንድሜን ገደለ፣ እኔ ሽማግሌውን ገደልኩ፤ ደሙ ተካክሏል። ካንተ ጋር ደም የለኝም። ለእጅህ ደግሞ እግዜር ይፍረድብኝ። ሰኞ ጧት እስከ መንገዱ እሸኝሃለሁ።"

ወልደ ገብርኤል የላከውን የሚመልስበት መንገድ የለም፤ ኦስካር እስከ ሰኞ ዝግ ናት። ለአላምረው ቢነግረው እዚያው ይሞታል። ባይነግረው ደግሞ፣ ማን ያውቃል፣ ዴሳይ የሚሰማው ሰው አጥቶ ይሆናል፤ ጎንደር ያሉትም ቀልድ ነው ብለው ትተውት ይሆናል። እሁድ ቀኑን ሙሉ እንዲህ እያለ ራሱን አታለለ። አላምረው ከገዛ ድርሻው ማር ሰጠው፤ እሱ ግን ሳይቀምስ አስቀመጠው። አበቡ የታሰረ እጁን እየነካካች "ያምሃል?" ስትለው ዞር አለ።

ሰኞ ሊነጋ ሲል ታየች ስንቁን ቋጥራ መጣች። ሦስት ቂጣ ነው፤ ያላቸው ዱቄት ያው ነበር።

"ውሰድ እንጂ። መንገዱ ሩቅ ነው።"

ወልደ ገብርኤል እጁን አልዘረጋም። "እቴ ታየች፣ ልጅሽን ይዘሽ ሂጂ። አሁኑኑ።"

"የት?"

"ከዚህ ብቻ ውጪ። ቅዳሜ ዕለት ለዚያ ሰው ያለንበትን ነግሬዋለሁ። ጦር ሊመጣ ይችላል።"

ቂጣው ከእጇ ወደቀ። አልጮኸችም። "በአባትህ መቃብር ማልክ እኮ" አለችው።

"ስምል እውነት ነበር።"

አበቡን ከእንቅልፏ እንዳለች አንስታ አዘለችና፣ በዋሻው አፍ እየወጣች፣ "አላምረው! ተነሥ! ሰውየው ሸጦሃል!" አለች።

አላምረው ጋቢውን ጥሎ፣ ጠመንጃውን ጨብጦ ገባ። አፈሙዙን የወልደ ገብርኤል ደረት ላይ አደረገ።

"ስሜንም ነግረኸዋል?"

"ነግሬዋለሁ።"

"ስም አድርስ ብዬ ብረቱን የያዝኩልህ እኔ!"

ጣቱ ምላጩ ላይ ሲጠብቅ ከላይ ከአፋፉ ተኩስ ተከፈተ። ዋሻው ደጅ ጥበቃ ላይ የነበረው ሰው ጭንቅላቱ ተከፍሎ ወደ ውስጥ በጀርባው ወደቀ። አላምረው ዞር ብሎ አየው። ያለው ጥይት አንድ ዝናር አይሞላም። ወደ ወልደ ገብርኤል ተመለሰና፣ "ላንተ የማባክነው የለኝም" ብሎ ምራቁን ተፋበት፤ እየፎከረ ወጣ። ሁለት ወታደር ጣለ፤ ከቋጥኝ ወደ ቋጥኝ ሲዘል ጭኑን መቱት፤ ተቀምጦ ተኮሰ፤ ደረቱን ሲመቱትም ጠመንጃውን ገና አቅፎ ነበር።

ወልደ ገብርኤል ከዋሻው ተሳቦ ሲወጣ ታየችን አያት። በጠባቡ መንገድ ላይ ወድቃለች፤ ጉልበቷ ተፈልጦ ነጭ አጥንት ይታያል። አበቡ ከሥሯ ሆና ታለቅሳለች። ታች አንድ ወታደር በሳንጃው የቆሰለ ሽፍታ እየጨረሰ ነበር። ወልደ ገብርኤል ሮጦ እናትና ልጅ ላይ ተደፋባቸው። ወታደሮቹ ግን ማን መሆኑን በምን ያውቃሉ? ጎኑን በጫማ፣ ጀርባውን በሰደፍ ደበደቡት፤ የጎድን አጥንቱ ተሰበረ።

"እኔ ነኝ! የጠራኋችሁ እኔ ነኝ!" አለ ደም እየተፋ። "እሷን አትንኳት፤ ያዳነችኝ እሷ ናት!"

የመቶ አለቃው የታሰረ እጁን አይቶ አስቆማቸው። ዶክተር ዴሳይ ቅዳሜውኑ ስልክ ሲደውል፣ ከሰው ሰው ሲያዞሩት ውሎ፣ መልእክቱ በአዲስ አበባ በኩል ጎንደር እንደደረሰ የነገረው እሱ ነው። "ጉድ ነው! በኮከብ ጠራኸን!" እያለ ይስቅ ነበር።

የአላምረውን ሬሳ ትክል ድንጋይ ገበያ ላይ አሰጡት፤ ሰው እየመጣ አየው። የአያ ውዱን የተረፈ አፅም ሰብስበው አዘዞ ቀበሩ። ሚስታቸው ወይዘሮ ስንዱ ቀብሩ ላይ የወልደ ገብርኤልን ግራ እጅ ይዘው ሳሙ፤ "ደሙን መለስክልኝ፤ ወንድ ነህ" አሉት። ሰው ሁሉ ጀግና አለው። እሱ ግን ሰዉ ሳይበተን በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጀርባ ዞሮ ሄደ።

የታየችን እግር ሆስፒታል ቆረጡት። ወልደ ገብርኤል በየሳምንቱ ወተትና ዳቦ ይዞ ይሄዳል፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። የሚመጣላት ሌላ ሰው አልነበረም። አበቡን እናቱ ቤት ወስዶ አኖራት። ጣቶቹ ጠማማ ሆነው ገጠሙ። አንድ ቅዳሜ ሬዲዮውን ሲከፍት ዴሳይ አገኘውና ደስታውን ከገለጸለት በኋላ፣ "ያ ስሙን የነገርከኝ ሰውዬ ምን ሆነ?" ብሎ ጠየቀው። "ሞተ" ብሎ መታለት። ዴሳይ "መልካም" አለው። ወልደ ገብርኤል ኦስካር ገና ሰማይ ላይ ሳለች ባትሪውን ነቀለ።

ሰኔ ከመግባቱ በፊት ታየች ከሆስፒታል ወጣች። እስከ ትክል ድንጋይ በጭነት ማኪና ሄዱ፤ ከዚያ በቅሎ ተከራየላት። አክስቷ ወዳለችበት መንደር ልጓሙን ይዞ እየመራ፣ አበቡ ከፊቷ ተፈናጣ፣ ብዙ ሄዱ። ዳመናው ከብዷል። ወንዙ ዳር ሲደርሱ በቅሎዋ ልትጠጣ ቆመች።

"አንተ ሰው" አለች ታየች። ከዚያን ቀን ወዲህ ያናገረችው ያኔ ነው።

"አቤት።"

"ባትነግረኝ ኖሮ ዋሻ ውስጥ ነበርኩ። ጥይት አያገኘኝም ነበር። ልጅሽን ይዘሽ ሂጂ ያልከኝ አንተ ነህ።"

ወልደ ገብርኤል ይህን አስቦት አያውቅም። ከሠራው ሁሉ አንዷን፣ እውነቱን ለሷ መንገሩን፣ ጽድቅ ነው ብሎ ይዟት ነበር። እንባውን በጠማማ ጣቶቹ ጠረገ።

"አታልቅስ" አለችው። "እኔ አልቅሼ ጨርሻለሁ። ውሃው ሳይሞላ አሻግረን።"

ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰበሰበና፣ ልጓሙን በግራ እጁ ይዞ፣ ወደ ወንዙ ገባ።